አስታማሚውንስ ማን ያስታምመው? የአልጋ ቁራኛ ለሚጠብቅ ቤተሰብ እገዛ የማሰባሰቢያ መመሪያ

እናቴን ስትሮክ የመታት በጥቅምት ወር ማለዳ ላይ፣ ቡና ልታፈላ ከሰል ስታያይዝ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አራት ዓመት ከሦስት ወር አስታመምኳት። ያገኘኝ ሰው ሁሉ «እናትሽ እንዴት ናቸው?» ይለኝ ነበር። «አንቺስ እንዴት ነሽ?» ብሎ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው የሰፈራችን ባለሱቅ ነው፤ ያውም በሰባተኛው ወር፣ ዳይፐር ልገዛ ሄጄ። ምን ብዬ እንደምመልስ ስላላወቅኩ ሒሳቤን ከፍዬ ወጣሁ።

አዲስ አበባን ከዳር እስከ ዳር ቢዞሩ «የአስታማሚዎች መርጃ» የሚል ሰሌዳ የሰቀለ ቢሮ አያገኙም። እገዛው ግን አለ፤ ተበታትኗል እንጂ። ጥቂቱ ጤና ጣቢያ፣ ጥቂቱ ወረዳ፣ ጥቂቱ እድር፣ ጥቂቱ ባሕር ማዶ ያለው ወንድም ኪስ ውስጥ ነው። ብዙው ደግሞ ሊረዳ ፈልጎ ምን ማድረግ እንዳለበት የማያውቅ ጎረቤት እጅ ላይ ቁጭ ብሏል። ይህን ሁሉ መሰብሰብ የሚችለው አስታማሚው ራሱ ነው፤ ችግሩ አስታማሚው ጊዜም አቅምም የሌለው ሰው መሆኑ ነው። እኔ ያደረግኩበት ቅደም ተከተል የተገላቢጦሽ ነበር። እዚህ አስተካክዬዋለሁ።

1. ከሆስፒታል ሳይወጡ ይማሩ

የመንግሥት ሆስፒታል ያደረ ሰው ያውቀዋል፤ አስታማሚ እዚያ ግማሽ ነርስ ነው። መድኃኒት ገዝቶ የሚያመጣው፣ ናሙና ይዞ ላቦራቶሪ የሚሮጠው፣ ሰውነት የሚያጥበው፣ ሌሊት ወለሉ ላይ ካርቶን አንጥፎ የሚያድረው እሱ ነው። አድካሚ ቢሆንም ያ ጊዜ አንድ ትልቅ ነገር አለው፤ ባለሙያ በቅርብ አለ። ቤት ሲገቡ አይኖርም። ስለዚህ «ነገ ትወጣላችሁ» እስኪባል አይጠብቁ። ሁለት ሦስት ቀን አስቀድመው ነርሷን «እህቴ፣ እኔ ላድርገውና አንቺ እዪኝ» ይበሏት። ሲሠራ ማየትና በገዛ እጅ መሥራት በጣም ይለያያል።

የግድ ሊማሯቸው የሚገቡት እነዚህ ናቸው። ሕመምተኛውን በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ፤ ባገላበጡ ቁጥር ተረከዙን፣ ዳሌውንና የጀርባውን ታችኛ አጥንት መመልከት፤ ቀልቶ በጣት ሲጫኑት የማይጠፋ ቦታ የአልጋ ቁስል መነሻ ነው። ማብላት፤ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ በትንሽ በትንሹ፣ ከበላ በኋላም ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይተኛ። ውኃ በጠጣ ቁጥር ትን የሚለው ከሆነ «ይለመዳል» ብለው አይለፉት፣ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ወደ ሳንባ የሚገባ ምግብ ብዙ የስትሮክ ሕመምተኞችን ለሳንባ ምች ይዳርጋል። የሽንት ቱቦ ካለ ከረጢቱ ሁልጊዜ ከፊኛ ዝቅ ብሎ መንጠልጠል አለበት። ሕመምተኛውን ሲያነሱት ከወገብዎ አይጎንበሱ፤ ጉልበትዎን አጥፈው ወደ ራስዎ አስጠግተው ያንሱ። የደከመውን ክንድ ይዘው ግን በፍጹም አይጎትቱ። እኔ ሳላውቅ አንድ ሳምንት ሙሉ ስጎትተው የእናቴ ትከሻ ታመመ፤ ሁለት ወር አስለቀሳት።

ከወረቀት ደግሞ የመውጫ ማጠቃለያውን፣ የመድኃኒቱን ዝርዝርና ማኅተም ያረፈበት የሕክምና ማስረጃ ይቀበሉ። ማስረጃውን ወዲያው ፎቶ ኮፒ ያድርጉ። ለመሥሪያ ቤት፣ ለወረዳ፣ ለውክልና፣ ምናልባትም ለፍርድ ቤት ይፈለጋል። ከስድስት ወር በኋላ ካርድ ቁጥር ይዞ ማኅደር ማስፈለግ ምን እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። ለመክፈል አቅም ካነሰዎት ከመውጣትዎ በፊት የሆስፒታሉን የማኅበራዊ አገልግሎት ክፍል ይጠይቁ።

የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮ ያስይዙ፣ ሩቅ ቢሆንም። ከስትሮክ በኋላ አብዛኛው መሻሻል የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ሦስት እስከ ስድስት ወራት ውስጥ ነው። በየቀኑ መመላለስ ካልቻሉ ባለሙያው እንቅስቃሴዎቹን እንዲያስተምርዎ ይጠይቁ፤ ፈቃዱ ከሆነ በስልክዎ ይቅረጹት።

2. ደብተር ይግዙ

ጠንካራ ሽፋን ያለው፣ አንድ ብቻ። ከፊት በኩል መድኃኒት፣ ሰዓት፣ የደም ግፊት ልክ። መሐል ላይ ወጪ፤ ሳንቲሟ ሳትቀር፣ ደረሰኙ ተጣብቆ። የወጪው ገጽ ለምን እንደሚጠቅም በቀጣዩ ክፍል ይገባዎታል።

ከኋላ በኩል ግን የደብተሩ ዋና ነገር አለ። ለሦስት ቀን፣ የሚሠሩትን ሁሉ ይመዝግቡ። «11፡30 ዳይፐር መቀየር፣ 12፡00 ገንፎ፣ 12፡40 አንሶላ ማጠብ፣ 2፡00 መድኃኒት ፍለጋ መውጣት…» እኔ ሳደርገው 31 የተለያየ ሥራ ተቆጠረ። ከዚያ እናቴ ከእኔ በቀር ከማንም የማትቀበለውን ሥራ በቀይ አሰመርኩበት። ስድስት ሆነ። 25ቱን ሌላ ሰው ሊሠራው ይችል ነበር፤ ሰባት ወር ሙሉ ለብቻዬ ተሸክሜው ኖሬያለሁ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ሲባል የሰማሁት ከልጅነቴ ጀምሮ ነው፤ ሎሚውን ቆጥሬ ግን አላውቅም ነበር።

3. ቤተሰቡን ይሰብስቡ

በየቤቱ አስታማሚ የምትመረጠው ሳይነገር ነው። ያላገባችው፣ ወይም ቅርብ ያለችው፣ ወይም ደመወዟ ትንሽ የሆነችው ሴት ልጅ ናት። ማንም «አንቺ ሁኚ» አይላትም፤ ሌሎቹ ዝም ሲሉ እሷ ትቀራለች። ይህን ዝምታ የሚሰብረው ስብሰባ ነው። ስብሰባውን ራስዎ አይጥሩ፣ ነገሩ ወደ ቂም ይሄዳል። አጎት፣ የንስሐ አባት፣ ወይም ሁሉም የሚያከብራቸው የሰፈር ሽማግሌ ይጥሩት። ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ያድርጉና የኋላውን ገጽ ያንብቡ። ምንም አይጨምሩበት፤ ማልቀስም መውቀስም አያስፈልግም፣ ዝርዝሩ ራሱ ይናገራል። ታላቅ ወንድሜ ግማሹ ላይ ሲደርስ «በቃ፣ ገባኝ» አለ።

ከዚያ ሥራ ይከፋፈሉ፤ ስም፣ ቀንና ሰዓት እየተጻፈ። «አቅማችን የፈቀደውን እናደርጋለን» የሚለውን ቃል ከስብሰባው ያስወጡት። «ቅዳሜ ከ8፡00 እስከ 12፡00 እኔ አለሁ» የሚል ብቻ ይመዝገብ። በነገራችን ላይ ወላጅን መጦር በጎ ፈቃድ ብቻ አይደለም፤ በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ልጅ ለተቸገረ ወላጁ ቀለብ የመስጠት ግዴታ አለበት፣ ቀለብ ሲባልም ሕክምና ይጨምራል። ይህን ሽማግሌው ቢያነሱት ይሻላል። እህት ለወንድሟ አዋጅ ስትጠቅስ የሚያምር ነገር አይደለም።

ውጭ አገር ያለው ልጅ የራሱ ምዕራፍ ያስፈልገዋል። ብዙውን ጊዜ በዓል ሲደርስ ወይም ሲያዝን ዳጎስ ያለ ገንዘብ ይልካል፣ ከዚያ ለወራት ዝም ይላል። ለበዓል ከሚላከው ዳጎስ ያለ ገንዘብ በየወሩ ሳይዛነፍ የሚመጣው ትንሹ ይሻላል። ስለዚህ ስም ያለው ወጪ ይስጡት፤ የዳይፐሩ ወጪ ያንተ ነው፣ ወይም የረዳቷ ደመወዝ ያንቺ ነው። በየወሩ የደብተሩን የወጪ ገጽ ፎቶ አንስተው ይላኩ፤ «ያን ሁሉ ብር ምን አደረጋችሁት?» የሚለው ጥያቄ ሳይወለድ ይሞታል። ገንዘብ የሌለውም የሚሰጠው አለ። ስቶክሆልም ያለችው ታናሽ እህቴ በየምሽቱ 1፡00 ላይ በቪዲዮ ትደውልና ለግማሽ ሰዓት እናቴን ታጫውታለች። ያ ግማሽ ሰዓት ገላዬን የምታጠብበት ነበር። ውጭ ያሉት ለእረፍት አገር ቤት ሲመጡ ደግሞ ሳምንት ሙሉ ቁልፉን አስረክበዋቸው ይውጡ። «ገና መምጣታቸው ነው፣ ይረፉ» አይበሉ። ማረፍ ያለብዎት እርስዎ ነዎት።

4. ጠያቂውን ረዳት ያድርጉት

ሕመምተኛ መጠየቅ ከባህላችን ጥሩው ነገር ነው፤ አስታማሚን ግን ሊገድል ይችላል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ 12 ሰው ይመጣል። ወንበር ይፈለጋል፣ ቡና ይፈላል፣ ስኒ ይታጠባል፣ የሕመሙ ታሪክ ከመጀመሪያው 12 ጊዜ ይተረካል። ሁሉም ብርቱካንና የታሸገ ጭማቂ ይዞ መጥቷል፤ እናቴ ደግሞ ስኳር አለባት። ሲወጡ በር ላይ «ምን ልርዳሽ?» ይላሉ። እኔም «ኧረ ምንም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» እላለሁ። አራት ዓመት ካስተማረኝ ነገር ሁሉ ትልቁ ይህን መልስ መተው ነው።

«ምን ልርዳሽ?» ሲባሉ ደብተርዎን ያስታውሱና ትንሽ፣ የተቆረጠ፣ ቀን ያለው ነገር ይጠይቁ። «እትዬ፣ ሐሙስ ጠዋት ጤና ጣቢያ መድኃኒት ልቀበል ስሄድ ሁለት ሰዓት ይቀመጡልኛል?» «ጋሼ፣ ማክሰኞ ፊዚዮቴራፒ አለን፣ ከአልጋ አንስተው መኪና ውስጥ ቢያስገቡልን።» «እነዚህን ሁለት አንሶላዎች በእናንተ ማሽን ብታጥቡልኝ።» ሰው እምቢ ቢል እንኳን ለዚያች ሥራ ብቻ ነው እምቢ የሚለው፤ ቅር አይበልዎ፣ ሌላ ሥራ ለሌላ ቀን ይጠይቁት። እኔን ያስገረመኝ እሺ ያሉት ብዛት ነው። የግቢያችን አንዲት ባልቴት ሐሙስን ለሦስት ዓመት ያዙልኝ። ለእናቴ ገድል እያነበቡላት፣ አንዳንዴም ሁለቱም እንቅልፍ ወስዷቸው አገኛቸዋለሁ።

ቡናን በተመለከተ ቁርጥ ውሳኔ ያስፈልጋል። የመጣው እንግዳ ራሱ ያፍላ፤ ጀበናው እዚያ ነው፣ ከሰሉ እዚያ ነው። መጀመሪያ ላይ ነውር ይመስልዎታል። አንዷን ደፋር ጎረቤት ያስቀድሙ፣ «ዛሬ እኔ ነኝ የማፈላው» ትበል፣ ሌሎቹ ይከተላሉ። ብርቱካኑንም ቢሆን እርስዎ ሳይሆኑ የወንድምዎ ሚስት ወይም ጓደኛዎ ትናገር፦ «ለእሳቸው ጭማቂ ተከልክሏል፣ ዳይፐርና የእጅ ጓንት ነው የሚያስፈልጋቸው።» ከአስታማሚ አፍ ሲወጣ ልመና የሚመስለው ነገር ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ መረጃ ይሆናል።

5. እድርና የእምነት ቦታ

ብዙ እድሮች ገንዘብ የሚያወጡት ለሞት ነው፤ መተዳደሪያ ደንባቸው ውስጥ ለታመመ አባል እርዳታ ያስገቡም አሉ። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ከጸሐፊው ደንቡን ጠይቀው ያንብቡ። ሁለተኛው ጉዳይ ቅጣት ነው። አስታማሚ ስብሰባና ቀብር ይቀርበታል፣ ቅጣቱም ይጠራቀማል። ለኮሚቴው አንዲት ገጽ ደብዳቤ ጽፈው የሕክምና ማስረጃ አያይዘው ከግዴታ ነፃ የመሆን ፈቃድ ይጠይቁ። እኔ ይህን የጠየቅኩት የአንድ ዓመት ቅጣት ከከፈልኩ በኋላ ነበር፤ ሰብሳቢው «ልጄ፣ ለምን አልነገርሽንም?» አሉኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ፤ ድካሙን የደበቀም እንደዚያው ነው።

የንስሐ አባት ቤት መጥተው ጸሎት እንዲያደርሱ ሲጠይቁ እግረ መንገድዎን የሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣቶች እንዲመጡ ይጠይቁ፤ ጉልበት አላቸው። ሙስሊም ቤተሰብም ከመስጊዱ ጀመዓ ይህንኑ ያገኛል። ሕመምተኛውን ጸበል ለመውሰድ ከወሰኑ የደም ግፊቱን፣ የስኳሩን፣ የሚጥል በሽታውን መድኃኒት ይዘው ይሂዱ፤ አንድ ቀንም አይቋረጥ። ጸበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ የሚያስረዱ አባት ያፈላልጉ። ዘመዶችን ለማሳመን ከሐኪም ይልቅ የእሳቸው ቃል ይሠራል።

6. ጤና ጣቢያና ወረዳ

የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በገጠር የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ በኋላ ወደ ከተማ ገብቷል። አዲስ አበባ ውስጥ በየወረዳው ቤት ለቤት የሚዞሩ የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች አሉ፣ በጤና ጣቢያዎች ደግሞ የቤተሰብ ጤና ቡድን የሚባል ተደራጅቷል። ብዙ ሰው እነዚህን የሚያውቃቸው በክትባትና በእርግዝና ክትትል ነው። የአልጋ ቁራኛ ያለበት ቤት ግን የሥራቸው አካል ነው። ጤና ጣቢያው ሄደው «ቤቴ ከአልጋ የማይነሳ ሕመምተኛ አለ፣ በየጊዜው መጥታችሁ የደም ግፊት ለኩልን፣ ቁስሉን እዩልን» ብለው ያስመዝግቡ። አንድ ጊዜ ጠይቀው ካልመጡ ተመልሰው ይሂዱ፤ የመጣችውን ባለሙያ ስልክ ይያዙ፤ በስም የሚያውቋት አንዲት ነርስ ከአሥር ማመልከቻ ትበልጣለች።

ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በመደበኛ ደመወዝ ላልታቀፉ ቤተሰቦች ነው። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ወደ አብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ተስፋፍቷል። ክፍያው በዓመት አንድ ጊዜ፣ በቤተሰብ ነው፤ መክፈል የማይችሉትን መንግሥት ይሸፍንላቸዋል። ሁለት ወጥመዶች አሉት። አንዱ የእድሳት ጊዜ ነው፤ ካለፈዎት መታወቂያው አይሠራም። ሌላው የሪፈር ሰንሰለት ነው፤ ከድንገተኛ በስተቀር መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ በሪፈር ወረቀት ሆስፒታል። እኔ ቸኩዬ በቀጥታ አንድ ሆስፒታል ወስጃት ሙሉውን ከኪሴ ከፈልኩ፤ መድኑ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። የታዘዘው መድኃኒት ሆስፒታሉ ውስጥ ከሌለ ከግል መደብር በፊት ከነማ መድኃኒት ቤቶችንና የቀይ መስቀል መድኃኒት ቤቶችን ይሞክሩ፤ ዋጋቸው አብዛኛውን ጊዜ ይቀንሳል።

ቤተሰቡ ገቢ ከሌለው የወረዳውን የማኅበራዊ ጉዳይ ክፍልና የሴፍቲኔት ቢሮ ያነጋግሩ። የከተማ ሴፍቲኔት ሥራ መሥራት ለማይችሉ አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ለረጅም ጊዜ ለታመሙ የቀጥታ ድጋፍ የሚባል ክፍል አለው። ምልመላው በየቀኑ የሚካሄድ አይደለም፣ ስለዚህ ጥያቄዎ በጽሑፍ ገብቶ እንዲቆይዎ ያድርጉ። ድንገት ሲብስበት የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ በአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ሥጋት 939 ነው። ቁጥሮቹን በሩ ጀርባ በትልቁ ይጻፏቸው፤ ሐሙስን የሚይዙልዎት ባልቴት ስልክ ውስጥ ገብተው አይፈልጉም።

7. ለሕመሙ የተቋቋሙ ድርጅቶች

ካንሰር ወይም የማይድን ሕመም ከሆነ ሆስፒስ ኢትዮጵያን ይጠይቁ። ከ20 ዓመታት በላይ በአዲስ አበባ በየቤቱ እየሄዱ ሥቃይ የማስታገስ አገልግሎት የሚሰጡ ነርሶች አሏቸው፤ አስታማሚውን ጭምር ያነጋግራሉ። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ በተለይ ከክፍለ ሀገር ለሕክምና ለሚመጡ አቅመ ደካሞች ይደርሳል። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ለሚያሳድጉ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ያቋቋሙት ኒያ ፋውንዴሽን፣ ዳውን ሲንድረም ላለበት ዲቦራ ፋውንዴሽን አለ። እዚያ የሚገኙት ሌሎች እናቶች ከትምህርቱ እኩል ይጠቅማሉ። መንቀሳቀስ ለተሳነው ቼሻየር ኢትዮጵያ በተሐድሶ ሥራ የቆየ ነው። መቄዶንያ ብዙ ጊዜ ይነሳል፤ ነገር ግን እሱ የተቋቋመው ጧሪና ደጋፊ ላጡ አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን ነው። ዘመድ «ለምን መቄዶንያ አትወስጃትም?» ሲልዎ ይህን ይንገሩት።

8. ዕቃ

አዲስ ከመግዛትዎ በፊት ለእድሩ ያስነግሩ። በየሰፈሩ የሞተ ሰው ዊልቸር አልጋ ሥር ተጣጥፎ አቧራ ይጠጣል፤ ባለቤቶቹ ሊሸጡት ያፍራሉ፣ ሊጥሉት አይችሉም። የእኛን ያገኘነው እንደዚህ ነው። የመፀዳጃ ወንበር አናጺ ይሠራዋል፤ እጅ መደገፊያ ያለው ጠንካራ የእንጨት ወንበር፣ መቀመጫው ላይ ቀዳዳ፣ ሥሩ ባልዲ። የፕላስቲክ ወንበር ቆርጠው አይሞክሩት፣ እግሩ ይከፈታል። ገንዘብ ካለ የመጀመሪያው ግዢ የአየር ፍራሽ ይሁን፤ የአልጋ ቁስልን በመከላከል ትልቅ ድርሻ አለው፣ ማገላበጡን ግን አይተካም።

9. ውክልና፣ አእምሮ ሳለ

ይህን ክፍል ሰው ይዘለዋል፤ ወላጁን በቁሙ የሚወርስ ይመስለዋልና። ጡረታው፣ የባንክ ደብተሩ፣ የቤት ኪራዩ ግን የእሳቸውን ፊርማ ይጠብቃል። ውክልና የሚሰጠው በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ነው፤ መንቀሳቀስ ለማይችል ሕመምተኛ ሠራተኞቹ ካለበት ድረስ የሚመጡበት አሠራር አለ፣ ለዚህም የሕክምና ማስረጃው ይፈለጋል። ሕመምተኛው የሚያደርገውን የሚያውቅ መሆን አለበት። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ወካዩ ችሎታውን ሲያጣ ውክልናው ቀሪ ይሆናል። ስለዚህ የመርሳት በሽታ የጀመረው ወላጅ ካለዎት ነገ አይበሉ። ከዘገየ በኋላ የሚቀረው መንገድ ፍርድ ቤት አመልክቶ ሞግዚት ማሾም ነው፤ ረጅም ነው፣ ወጪም አለው። ቤት ለመሸጥ ልዩ ውክልና እንደሚያስፈልግ ይወቁ፤ ለማስታመም አያስፈልግዎትምና ከመጀመሪያው አይጠይቁ፣ የወንድም እህት ጥርጣሬ የሚነሳው ከዚህ ነው።

10. እንጀራዎን አይልቀቁ

ሥራ መልቀቅ የመጨረሻው አማራጭ ይሁን። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚተዳደር ሠራተኛ ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ አለው፤ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርበታል፤ አሠሪው ከተስማማ በሁለት ተከፍሎ ይወሰዳል። ልዩና አሳሳቢ ሁኔታ ሲያጋጥም ደግሞ ያለ ክፍያ እስከ 5 ተከታታይ ቀናት፣ በበጀት ዓመቱ ከሁለት ጊዜ ያልበለጠ ፈቃድ መውሰድ ይቻላል። ትንሽ ነው፤ ከቤተሰቡ የሥራ ክፍፍል ጋር ካልተጋጠመ አይበቃም። ለአለቃዎ እውነቱን አስቀድመው ይንገሩ፤ በየሳምንቱ አዲስ ምክንያት መፍጠር ከማስታመሙ እኩል ያደክማል።

አሜሪካ ተቀምጠው ወላጅዎን እዚያው የሚያስታምሙ ከሆነ ነገሩ ይለያል። 50 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሉት ድርጅት አንድ ዓመትና 1,250 ሰዓት የሠራ ሰው በ1993 እ.ኤ.አ. በወጣው የፌዴራል ሕግ እስከ 12 ሳምንት ያለ ክፍያ ፈቃድ ያገኛል፤ ለእናት ለአባት እንጂ ለአማት አይደለም። በብዙ ግዛቶች ሜዲኬይድ የሚባለው ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች የተዘጋጀ የመንግሥት የጤና መድን ወላጁን ለሚንከባከብ ልጅ ደመወዝ ይከፍላል፤ በካሊፎርኒያ አይኤችኤስኤስ ይባላል። በየአካባቢው ያለውን ለማወቅ ኤልደርኬር ሎኬተር የሚባለው የአረጋውያን አገልግሎት ጠቋሚ ስልክ በ1-800-677-1116 ይረዳል። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ደግሞ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት፤ የአሥር ዓመት ልጅዎን ለአያቱ ምርመራ አስተርጓሚ አያድርጉት።

11. ረዳት መቅጠር

ለቤት ሥራ የተቀጠረችን ልጅ ሕመምተኛም እንድትይዝ መጨመር ሁለቱንም ያበላሻል፤ በሦስተኛው ሳምንት ሻንጣዋን ይዛ ትሄዳለች፣ እውነትም አላት። ሥራዋ ማስታመም ብቻ ከሆነ ከመጀመሪያው ይነገራት፤ ዳይፐር መቀየር እንዳለበት፣ ሌሊት መነሳት እንዳለበት፣ ደመወዙ፣ የእረፍት ቀኗ። ተያዥ ይጠይቁ። የመጀመሪያውን ሳምንት አብረው ይሥሩ። ልምድ ካላት ይልቅ የገዛ አያቷን ያስታመመች እመርጣለሁ፤ ይህ የግሌ አስተያየት ነው። ለሙሉ ጊዜ አቅም ከሌለዎት በሳምንት ሁለት ቀን ለሰውነት ማጠብ ብቻ የምትመጣ ሰው ይቅጠሩ፤ ወገብ የሚሰብረው ሥራ እሱ ነው።

12. የራስዎን ካርድ ያውጡ

በሁለተኛው ዓመት አንድ ሌሊት እናቴ ለአራተኛ ጊዜ ስትጠራኝ ትራሱን ግድግዳው ላይ ወረወርኩት። እሷን አልነካኋትም፤ ልነካት ግን አምሮኝ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም፣ ከሁለት ወር በኋላ ለጤና ጣቢያው ነርስ ነገርኳት። አልደነገጠችም። «ስንት ሰዓት ትተኛለሽ?» አለችኝ። የደም ግፊቴን ስትለካው የእኔ ከእናቴ በልጦ ተገኘ።

እንቅልፍ መንሳት፣ ያለምክንያት ማልቀስ፣ ምግብ መጥላት፣ «በሞተችና በተገላገልን» የሚል ሐሳብ መጥቶ ራስን መርገም፤ እነዚህ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆዩ ለራስዎ ካርድ ያውጡ። ሐሳቡ ኃጢአተኛ አያደርግዎትም፤ አብዛኛው አስታማሚ ቤት ይገባል። የአእምሮ ጤና ክትትል አማኑኤል ሆስፒታል ብቻ አይደለም የሚሰጠው፣ በርካታ ጤና ጣቢያዎችና አጠቃላይ ሆስፒታሎችም ይሰጣሉ። እጅዎን ሊሰነዝሩ ሲቃጣዎት የአልጋውን መከላከያ ያንሱ፣ ከክፍሉ ወጥተው በር ላይ ይቁሙ፤ ሕመምተኛው ለአምስት ደቂቃ ቢጮህ ምንም አይሆንም። ወዲያውም ከዝርዝርዎ ላይ ላለ አንድ ሰው ይደውሉ። በሳምንት ግማሽ ቀን የእርስዎ ይሁን፤ ገበያ መሄድና መድኃኒት መቀበል በዚያ ውስጥ አይቆጠርም። የእኔ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። የመጀመሪያውን ቅዳሜ ሌላዋ እህቴ ቤት ሄጄ ሶፋ ላይ አራት ሰዓት ተኛሁ፣ ጫማዬን እንኳን ሳላወልቅ።

13. ማስታመሙ ሲያበቃ

የተረፈውን መድኃኒት ለጎረቤት አይስጡ፤ ወደ ጤና ጣቢያው ፋርማሲ ይመልሱት። ውክልናው በሞት ያበቃል፣ በእሱ ገንዘብ አያውጡ። የደብተሩን የወጪ ገጽ ቢያንስ የውርሱ ጉዳይ እስኪያልቅ ያስቀምጡ። ያልተከፈተውን ዳይፐርና የአየር ፍራሹን በእድሩ በኩል ያስነግሩበት። የእኛ ዊልቸር አሁን ከእኛ ሦስተኛው ቤት ነው። የግራው ፍሬን ይላላል፤ ቁልቁለት ላይ ድንጋይ እንዲያስደግፉበት ለልጅየው ነግሬዋለሁ።